የማያቋርጥ የኩላሊት እጥበት መሣሪያ፤ የተባለለትና የተረጋገጠለት

ኩላሊታቸው በድንገት ለተጎዳ ሕሙማን ሌሊትና ቀን ሳያቋርጥ ደም ስለሚያጥበው መሣሪያ ብዙ ተጽፏል። ከተጻፈውም የሚበዛው ምስጋና ነው። በመካከላችንም፣ በተለይ የሕክምና ትምህርት በሚከታተሉት ጓደኞቻችን ዘንድ፣ «ይህ መሣሪያ የሌለው ሆስፒታል ሕመምተኛውን እንደ ተወው ይቈጠራል» የሚል አስተያየት ሲሰነዘር ሰምተናል። አስተያየቱ ከቅን ልብ የመነጨ መሆኑን አንጠራጠርም። ነገር ግን ከቅን ልብ የመነጨ ሁሉ ትክክል ነው ለማለት አይቻልም። ስለዚህ ስለ መሣሪያው የተባለውንና በምርመራ የተረጋገጠውን ለይተን፣ ሁለቱን ጎን ለጎን አቁመን ለመመዘን አስበናል። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ሀ. የነገሩ መነሻ

ድንገተኛ የኩላሊት ጉዳት የሚባለው ኩላሊት በጥቂት ሰዓታት ወይም በጥቂት ቀናት ውስጥ የማጥራት ሥራውን ሲያቆም ወይም እጅግ ሲቀንስ ነው። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ የደም መመረዝ፣ በወሊድ ጊዜ የሚደርስ የደም መፍሰስ፣ ከባድ ወባ፣ ታላቅ ቀዶ ጥገና፣ ኩላሊትን የሚጎዳ መድኀኒት፣ እነዚህን የመሳሰለ ሁሉ። የሕመምተኛው ሽንት ያንሳል ወይም ጨርሶ ይቋረጣል፤ ውሃ በሳንባው ይጠራቀማል፤ በደሙ ውስጥ አሲድ ይበዛል፤ ፖታሲየም ከልኩ ሲያልፍም ልቡ በድንገት ሊቆም ይችላል።

ይሁን እንጂ ይህ ሕመም ሥር ከሰደደው የኩላሊት በሽታ የሚለይበት አንድ ታላቅ ነገር አለ። ሕመምተኛው ከሞት ከተረፈ ኩላሊቱ ብዙ ጊዜ ተመልሶ ይሠራል። እጥበት ኩላሊቱን አይፈውስም፤ ኩላሊቱ እስኪያገግም ድረስ ሰውየውን የሚያሻግር ድልድይ ነው። አንባቢያችን ይህን እንዲያስታውስልን እንለምናለን፤ ከዚህ በታች የምንሰነዝረው ትችት ሁሉ የተመሠረተው በዚህ ላይ ነውና።

ለሰው የሚያገለግል ሰው ሠራሽ ኩላሊት በመሥራት ስሙ በመጀመሪያ የሚነሣው ሆላንዳዊው ሐኪም ዊሌም ኮልፍ ነው። አገሩ በጀርመን ጦር ተይዛ ሳለች፣ በ1943 በካምፐን ከተማ፣ ለቋሊማ መሸፈኛ የሚሆነውን የሴሎፋን ቱቦ በሚሽከረከር በርሜል ላይ ጠምጥሞ፣ የሕመምተኛውን ደም በቱቦው አሳልፎ፣ በርሜሉን በጨው ውሃ ውስጥ እያዞረ ደሙን አጠበ። ከመጀመሪያዎቹ ሕሙማን አብዛኞቹ ሞቱ፤ በ1945 ግን ራሷን ስታ የነበረች አንዲት የ67 ዓመት ሴት ታጥባ ነቃች፤ ዳነችም። ይህ እጥበት ለጥቂት ሰዓት የሚደረግ ነበር።

የማያቋርጠው እጥበት የመጣው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። በ1977 በጀርመን አገር በጌቲንገን የሚሠራው ፔተር ክራመር፣ ወደ ደም መልስ ሊገባ የታሰበው ቱቦ በስሕተት ወደ ደም ቅዳ መግባቱን አይቶ፣ ስሕተቱን ወደ ጥቅም ለወጠው። ደሙን በማጣሪያው ውስጥ የሚገፋው የሕመምተኛው የገዛ ልቡ ሆነ፤ ፓምፕም አላስፈለገም። ነገር ግን የደም ግፊቱ የወደቀበት ሕመምተኛ ልብ ይህን ሥራ በሚገባ ሊሠራ ስለማይችል፣ ደግሞም የደም ቅዳ ቁስል አደገኛ ስለ ሆነ፣ በኋላ ፓምፕ ተጨምሮበት ከደም መልስ ተቀድቶ ወደ ደም መልስ የሚመለስ ሆነ። ዛሬ በጽኑ ሕሙማን ክፍል የምናየው መሣሪያ የዚህ ዘር ነው።

ለ. አሠራሩና ስሙ

በሰዓት የተወሰነው እጥበት፣ ከዚህ በኋላ «የሰዓት እጥበት» የምንለው፣ ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 ሰዓት ይፈጃል። በማጣሪያው ማዶ የሚፈሰው ማጠቢያ በደቂቃ 500 ሚሊ ሊትር ያህል ስለ ሆነ በ4 ሰዓት ውስጥ 120 ሊትር ያልፋል። የማያቋርጠው እጥበት ግን ቀስ ብሎ ቀኑን ሙሉ ይሠራል። ክብደቱ 70 ኪሎ ለሆነ ሰው፣ በየኪሎው በሰዓት 25 ሚሊ ሊትር ቢታዘዝለት፣ በሰዓት 1750 ሚሊ ሊትር፣ በ24 ሰዓት 42 ሊትር ይሆናል። የሰዓት እጥበት ውሃውን ከቧንቧ አጣርቶ እዚያው ሲያዘጋጅ፣ የማያቋርጠው ግን ከጀርም ነጻ ሆኖ በከረጢት የታሸገ ፈሳሽ ይፈልጋል። ከረጢቱ የ5 ሊትር ቢሆን በቀን ከ8 በላይ ያልቃል ማለት ነው። ይህች ትንሽ ሒሳብ በኋላ ታስፈልገናለች።

አሁን ስለ ስሙ አንድ ነገር እንበል። የጤነኛ ሰው ሁለት ኩላሊቶች በደቂቃ 125 ሚሊ ሊትር ያህል፣ በቀን 180 ሊትር ያጣራሉ። ከላይ ያሰላነው 1750 ሚሊ ሊትር ለደቂቃ ሲመታ 29 ነው፤ ከሩብም ያንሳል። ኩላሊት ደግሞ ካጣራው ውስጥ ለሰውነት የሚበጀውን መርጦ ይመልሳል፤ ቀይ የደም ሕዋስ እንዲመረት የሚያዝዘውን ሆርሞን ያመነጫል፤ ቪታሚን ዲን ለሥራ ያዘጋጃል። መሣሪያው ከእነዚህ አንዱንም አያደርግም። የሚያሳልፈውንና የሚያስቀረውን የሚለየው በመጠን ብቻ ስለ ሆነ ቆሻሻውንም፣ ፎስፌቱንም፣ ሐኪሙ ያዘዘውንም መድኀኒት አብሮ ያወጣል። ስለዚህ «ሰው ሠራሽ ኩላሊት» ከሚባል ይልቅ ወንፊት ቢባል ለእውነቱ ይቀርብ ነበር። ወንፊት መሆኑ አያስነቅፈውም፤ ጤፍም ያለ ወንፊት አይጠራም። የሚያስነቅፈው ወንፊቱን እንደ ኩላሊት ቈጥሮ ከእርሱ የማይገኘውን መጠበቅ ነው።

ሐ. ለስላሳነቱ ሕይወት ያድናል የሚለው ክርክር

ከምስጋናዎቹ ሁሉ የበለጠ ሚዛን የሚደፋው «ለስላሳ ነው» የሚለው ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ከአንድ ሕመምተኛ ሰውነት 3 ሊትር ውሃ መውጣት ቢኖርበት፣ በ4 ሰዓት ይውጣ ከተባለ በየሰዓቱ 750 ሚሊ ሊትር ይነጠቃል፤ በ24 ሰዓት ከሆነ ግን 125 ብቻ ነው። የደም ግፊቱ በመድኀኒት ብርታት የቆመ ሰው የትኛውን እንደሚችል ለመገመት ሊቅ መሆን አያሻም።

ይሁን እንጂ መገመትና ማረጋገጥ ልዩ ልዩ ናቸው። በ2001 በአሜሪካ አገር በራቪንድራ መህታና በባልደረቦቹ የታተመው ጥናት 166 ሕሙማንን በዕጣ ከፋፈለ። በጽኑ ሕሙማን ክፍል የሞቱት ከማያቋርጠው ወገን ከመቶ 59.5፣ ከሰዓት እጥበት ወገን ከመቶ 41.5 ሆኑ። ላይ ላዩን ለሚያነብ፣ ለስላሳው መሣሪያ ገዳይ ሆኖ የተገኘ ይመስላል። ነገር ግን ዕጣው ሚዛኑን ስላልጠበቀ ሕመሙ የጸናባቸው ሰዎች ወደ ማያቋርጠው ወገን በዝተው ነበር። ስለዚህ ይህን ጥናት መሣሪያውን ለመንቀፍ መጥቀስ ተገቢ አይመስለንም።

የበለጠ የሚያሳምነው በ2006 ከፈረንሳይ አገር የወጣው ነው። በ21 የጽኑ ሕሙማን ክፍሎች፣ ከአንድ በላይ ብልታቸው የደከመባቸው 360 ሕሙማን በዕጣ ተከፈሉ። በ60ኛው ቀን በሕይወት የተገኙት ከሰዓት እጥበት ወገን ከመቶ 32፣ ከማያቋርጠው ወገን ከመቶ 33 ነበሩ። በዚህ ጥናት ውስጥ ልብ ሊባል የሚገባው የሰዓት እጥበቱ አሠራር ነው፤ ጊዜው ረዘም እንዲል፣ ማጠቢያው ቀዝቀዝ እንዲል፣ ሶዲየሙም ከፍ እንዲል ተደርጎ ነበር። እንግዲህ ልስላሴው በጥንቃቄ የሚገኝ እንጂ የአንድ መሣሪያ የግል ሀብት አይደለም። በ2012 ከሃይደልበርግ የወጣው ጥናትም ይህንኑ ያጠናክራል። በዚያ 232 ሕሙማን፣ ግማሾቹ በማያቋርጠው፣ ግማሾቹ እስከ 12 ሰዓት በተራዘመ የዝግታ እጥበት ታከሙ። በ90 ቀን ውስጥ የሞቱት ከማያቋርጠው ወገን ከመቶ 55.6፣ ከተራዘመው ከመቶ 49.6 ሲሆኑ፣ ልዩነቱ በአጋጣሚም ሊመጣ የሚችል ነበር። የተራዘመው እጥበት ግን ከነርሶች የጠየቀው ጊዜ ያነሰ ሆነ።

ለመሣሪያው የሚገባውን ግን መንፈግ የለብንም። አንጎሉ ያበጠ ወይም ጉበቱ በድንገት የወደቀ ሕመምተኛ ዩሪያው ከደሙ በፍጥነት ሲወጣ ውሃ ወደ አንጎሉ ሴሎች ይሳባል፤ እብጠቱም ይብሳል። ለእንዲህ ያለው ሰው ዝግታው ራሱ መድኀኒት ነው። ኬዲጎ የተባለው ዓለም አቀፍ የኩላሊት ሐኪሞች ማኅበር በ2012 ባወጣው መመሪያም ለእነዚህና የደም ግፊታቸው ለማይረጋ ሕሙማን የማያቋርጠው እንዲመረጥ ሐሳብ አቅርቧል። እኛም በዚህ አንከራከርም።

መ. ሲበዛ ይበጃል የሚለው ክርክር

በ2000 ክላውድዮ ሮንኮና ባልደረቦቹ በጣልያን አገር በቪቼንሳ 425 ሕሙማንን ለሦስት ከፈሉ። ለመጀመሪያዎቹ በየኪሎው በሰዓት 20፣ ለሁለተኞቹ 35፣ ለሦስተኞቹ 45 ሚሊ ሊትር ታዘዘ። እጥበቱ ከቆመ ከ15 ቀን በኋላ በሕይወት የተገኙት በተራ ከመቶ 41፣ 57 እና 58 ነበሩ። ወሬው በየአገሩ ተሰማ፤ ብዙ ሐኪሞችም መጠኑን ከፍ አደረጉ።

ይህ ጥናት ሁለት መልክ እንዳለው ይሰማናል። ውለታው ታላቅ ነው፤ እጥበት እንደ ማንኛውም መድኀኒት በኪሎ ተሰልቶ መታዘዝ እንዳለበት ያስተማረን እርሱ ነውና። ድካሙ ደግሞ የአንድ ቦታ ጥናት መሆኑ ነው። ያንኑ ጥያቄ በብዙ ሆስፒታሎች ያነሡት ሰዎች ያንን መልስ አላገኙም። በ2008 በአሜሪካ 1124 ሕሙማን ተከፍለው፣ በ60 ቀን ውስጥ ብዙ ከታጠቡት ከመቶ 53.6፣ በልኩ ከታጠቡት ከመቶ 51.5 ሞቱ። በ2009 በአውስትራሊያና በኒው ዚላንድ 40ን ከ25 ያወዳደረው፣ ከ1400 በላይ ሕሙማን የተቈጠሩበት ጥናት ደግሞ በ90 ቀን ከሁለቱም ወገን ከመቶ 44.7 መሞታቸውን አሳየ። በ2013 የወጣው ሌላ ጥናት የደም መመረዝ ባለባቸው 140 ሕሙማን መጠኑን እስከ 70 አድርሶ ከ35 ጋር ቢያስተያይም ልዩነት አላገኘም።

ትርፉ ካልተገኘ ጉዳቱስ? በ2009ኙ ጥናት ፎስፌታቸው ከልክ በታች የወረደባቸው ከ25ቱ ወገን ከመቶ 54፣ ከ40ው ወገን ከመቶ 65 ነበሩ። የመተንፈሻ ጡንቻ ያለ ፎስፌት ይደክማል። ወንፊቱ አጥብቆ ሲነፋ እህሉንም ከገለባው ጋር ማውጣቱ አልቀረም። የ2012ቱ መመሪያ ከ20 እስከ 25 ባለው መጠን የጸናውም በዚህ ምክንያት ነው።

ሠ. ቶሎ መጀመር ይሻላል የሚለው ክርክር

ሦስተኛው ክርክር ከሁሉ ይልቅ ልብ የሚነካ ነው። ዘመዱ አልጋ ላይ ሲደክም የሚያይ ሰው «ምን ትጠብቃላችሁ?» ብሎ ቢጠይቅ ማን ይፈርድበታል? በ2016 በጀርመን አገር በሚውንስተር በአንድ ሆስፒታል የተደረገው ጥናት ይህን ጥያቄ የሚደግፍ መሰለ። ከ231 ሕሙማን መካከል፣ በ90 ቀን ውስጥ ቶሎ ከተጀመረላቸው ከመቶ 39.3፣ ዘግይቶ ከተጀመረላቸው ከመቶ 54.7 ሞቱ። ነገር ግን በሁለቱ ወገኖች መካከል የነበረው የጊዜ ልዩነት አንድ ቀን እንኳ የማይሞላ ነበር። ከአንድ ቀን ያነሰ መቅደም ከመቶ 15 ሰው ከሞት ያድናል ማለት፣ ከዚህ በሽታ ክብደት ጋር ሲታይ፣ ለእኛ ለማመን የሚከብድ ነው። ሕሙማኑም ጥቂት ስለ ሆኑ የጥቂት ሰዎች ዕጣ ቢለወጥ ድምዳሜው ሊናወጥ ይችላል።

በዚያው ዓመት በፈረንሳይ አገር በ31 የጽኑ ሕሙማን ክፍሎች 620 ሕሙማን ተመረመሩ። ሞቱ እኩል ሆነ፤ ከመቶ 48.5 እና 49.7። ከቁጥሮቹ ሁሉ ያስገረመን ግን ሌላ ነው። አስጊ ምልክት እስኪታይ ይቈዩ ከተባሉት ከመቶ 49 የሚሆኑት እጥበት ሳያስፈልጋቸው ቀሩ። አንዳንዶቹ ኩላሊታቸው በራሱ ጊዜ አገገመ፤ አንዳንዶቹም ከዚያ በፊት ሞቱ። በቱቦው ምክንያት ደማቸው በጀርም የተበከለባቸው ደግሞ ከቶሎው ወገን ከመቶ 10፣ ከቈዩት ከመቶ 5 ነበሩ። በ2020 በ15 አገሮች በ2927 ሕሙማን ላይ የታተመው ታላቁ ጥናት ነገሩን ዘጋው ማለት ይቻላል። በ90 ቀን የሞቱት ከመቶ 43.9 እና 43.7 ሆኑ። በሕይወት ከተረፉት መካከል ግን በ90ኛው ቀን አሁንም ከእጥበት ያልተላቀቁት ከቶሎው ወገን ከመቶ 10.4፣ ከቈየው ወገን ከመቶ 6 ነበሩ። ድልድዩ ለአንዳንዱ መንገደኛ መኖሪያ ሆነበት ማለት ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚለው የአባቶቻችን አነጋገር እዚህ ላይ ቦታውን ያገኛል።

ነገር ግን መጠበቅም ልክ አለው። በ2021 እነዚያው ፈረንሳውያን 278 ሕሙማንን ወስደው መዘግየቱን የበለጠ ሲያራዝሙት፣ በ60 ቀን የሞቱት እጅግ ከዘገየው ወገን ከመቶ 55፣ ከሌላው ከመቶ 44 ሆኑ። ስለዚህ ሐኪሙ የሚጠብቀው እጁን አጣጥፎ አይደለም። ሽንቱን እየለካ፣ ፖታሲየሙን እየመረመረ፣ ሳንባውን እያዳመጠ ይጠብቃል። እንዲህ ያለው ጥበቃ ከመሣሪያው ያላነሰ ዕውቀትና ድካም ይጠይቃል።

ረ. በጥናቶቹ ውስጥ ሳይቈጠር የሚቀረው

«የማያቋርጥ» የሚለው ስም ራሱ ትችት አያመልጠውም፤ መሣሪያው ያቋርጣልና። ደም በማጣሪያው ውስጥ ይረጋል፤ ቱቦው ይታጠፋል፤ ሕመምተኛው ለራጅ ወይም ለቀዶ ጥገና ይወሰዳል። በእነዚህ ሰዓታት ሁሉ እጥበት የለም። ስለዚህ የታዘዘውና የደረሰው መጠን አንድ አይሆንም። በ2020 በጀርመን አገር 596 ሕሙማን በተቈጠሩበት ጥናት፣ ደም እንዳይረጋ ሄፓሪን ሲሰጥ የአንድ ማጣሪያ ዕድሜ በአማካይ ግምት 26 ሰዓት፣ ሲትሬት ሲሰጥ 47 ሰዓት ሆኗል። ነገር ግን በሲትሬት በታከሙት ላይ አዲስ የጀርም በሽታ በዝቶ ታየ፤ ከመቶ 68 ለ55። አንዱን ችግር የፈታ ሌላውን ሲያመጣ ምስጋናውም ነቀፋውም በልክ መሆን ይገባዋል።

መድኀኒቱም አለ። በደም መመረዝ የሚሠቃየው ሰው በጀርም መግደያ መድኀኒት ይድናል፤ መሣሪያው ግን ያንን መድኀኒት ሌሊቱን ሙሉ ያወጣዋል። መጠኑ ካልተስተካከለ፣ ደሙ እየጠራ ሰውየው በበሽታው ይሞታል። ከዚህም ጋር ነርስ አለች። ከረጢት የምትለውጥ፣ የማስጠንቀቂያውን ድምፅ የምትሰማ፣ በሌሊት የምትነቃ እርሷ ናት። በቀን ከ8 በላይ ከረጢት የሚበላ መሣሪያ ገዝቶ ከረጢቱንና ነርሷን ያላሰበ ሆስፒታል፣ በቅሎ ገዝቶ ገፈራ እንደ ረሳ ሰው ነው።

ገንዘብ ባነሰበት አገር ደግሞ ሌላ አማራጭ መኖሩ አይዘነጋም፤ በሆድ ዕቃ ሽፋን የሚደረገው እጥበት ያለ ኤሌክትሪክም ሊሠራ ይችላል። በ2002 ከቪየትናም የወጣው ጥናት በ70 ሕሙማን፣ አብዛኞቹ ወባ በያዛቸው፣ ይህን ዘዴ በፓምፕ ከሚደረገው የደም ማጣራት ጋር አወዳድሮ ነበር። የሞቱት ከመቶ 47 ለ15 ስለ ሆኑ የሆድ ዕቃው እጥበት ስሙ ጠፋ። የመሣሪያው ወዳጆች ይህን ጥናት ቢጠቅሱ መብታቸው ነው። ሆኖም በዚያ ጥናት ያገለገሉት ደረቅ ቱቦ፣ ክፍት የፍሳሽ መውረጃና አሲቴት ያለበት ፈሳሽ ነበሩ። በ2008 ከብራዚል የወጣው፣ በ120 ሕሙማን ላይ ተለዋዋጭ ቱቦና በቂ ፈሳሽ የሠራበት ጥናት፣ ከየቀኑ የሰዓት እጥበት ጋር ሲተያይ ተቀራራቢ ውጤት አግኝቷል፤ ሞቱ ከመቶ 58 እና 53 ነበር። ከሁለቱ ጥናቶች የምንማረው፣ ዘዴን በስሙ ብቻ ሳይሆን በአሠራሩም መፍረድ እንደሚገባ ነው።

ሰ. መደምደሚያ

ከላይ ያየነው ሁሉ ወደ አንድ ነገር ይመራናል። በዐይነት፣ በመጠንና በጊዜ ረገድ መሣሪያውን ማብዛት ሕይወትን እንዳላበዛ ታላላቆቹ ጥናቶች ተራ በተራ መስክረዋል። በእያንዳንዱ ጥናት ውስጥ ከግማሽ የማያንስ ወይም ወደ ግማሽ የሚጠጋው ሕመምተኛ የሞተው ደሙ ስላልታጠበ አይደለም፤ ኩላሊቱን የጎዳው ታላቁ በሽታ ራሱ ስለ ጸና ነው። እንግዲህ «የትኛው መሣሪያ ይሻላል?» ከሚለው ጥያቄ አስቀድሞ «ይህ ሰው ዛሬ እጥበት ያስፈልገዋልን? የታዘዘለት ይደርሰዋልን? በሽታው ራሱስ ታከመን?» ብሎ መጠየቅ ይገባል።

መሣሪያው አይገዛ አላልንም። አንጎሉ ላበጠና ግፊቱ ለወደቀ ሕመምተኛ ቢገኝ ደስ ይለናል። ነገር ግን በአገራችንም ሆነ በሌላ ስፍራ፣ ፖታሲየም በሰዓቱ መመርመር የማይችል፣ የሽንት መጠን የማይጻፍበት፣ ለሌሊት ነርስ የሌለው ሆስፒታል ገንዘቡን አስቀድሞ በዚህ መሣሪያ ላይ ቢያፈስስ፣ ለጎብኚ የሚታይ ነገር አገኘ እንጂ ለሕመምተኛው ብዙ አላተረፈለትም። በሚገባ የሚመራ፣ ሰዓቱ የተራዘመ የተራው እጥበትና በሥርዓት የሚደረግ የሆድ ዕቃ እጥበት ያለው ሆስፒታል ሕመምተኛውን ትቶታል የሚሉት ጓደኞቻችን፣ ፍርዳቸውን እንደ ገና ቢመረምሩት እንወዳለን።

ገና ተማሪዎች እንደ መሆናችን በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተሳሳትነው ነገር ሊኖር ይችላል። መምህራኖቻችን ቢያርሙን፣ የማይስማሙ ጓደኞቻችንም በዚሁ መጽሔት ቢመልሱልን፣ በሚመጣው እትም በደስታ እናነባለን።